ኮሮና ሴሎቻችንን እንዴት ዝም ያሰኛቸዋል?

ደሴ ላይ ጥቅምት ገብቶ የጦሳ ብርድ መውረድ ሲጀምር የሚሰጠው ምክር ሁሌም አንድ ነው። ዝንጅብል ቀቅል፣ ነጭ ሽንኩርት ብላ፣ ፌጦ በሎሚ አድርግ፣ ዳማከሴ ጨምቀህ ጠጣ፣ ብቻ አቅምህን አጠንክር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ሲነገርማ ምክሩ ወደ ግርግር ተቀየረ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት በአንድ ጀምበር አይቀመሴ ሆኑ። እኔ ፌጦን አልጠላም፤ የታፈነ አፍንጫ ሲከፍት አይቻለሁ። ግን ነገሩን ሁሉ በጉልበት ብቻ ማየታችን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ እንዲቀር አድርጓል።

ጥያቄው ይሄ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሰዎች ይታመማሉ። የሰማንያ ዓመቷ እማማ ሦስት ቀን አስሏቸው ይነሳሉ፤ ጆንያ ብቻውን የሚሸከመው ልጅ ግን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ይውላል። እንዲህ ያለ ወሬ ያልሰማ የወሎ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገሩ የጉልበት ቢሆን ኖሮ ልጁ ነበር በእግሩ የሚሄደው።

እንደኔ ንባብ መልሱ ያለው ሰዓት ላይ ነው። ኮሮና ቫይረስ ሰውነትን ፊት ለፊት ገጥሞ አይጥልም። የገባበትን ሴል ለጎረቤቶቹ እንዳይናገር ያፍነዋል፤ ለጥቂት ሰዓት፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀን። ያቺ ጊዜ ትበቃዋለች። እንዴት እንደሚያፍነው ባለፉት ዓመታት በዝርዝር ታውቋል፤ ስለዚህ ግን ከክትባትና ከማስክ ክርክር ያነሰ ነው የተወራው። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ፣ ሴሉ ምን ያደርጋል?

ስለ በሽታ መከላከል ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያስበው አንቲቦዲን ነው። አንቲቦዲ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሰውነት አይቶት የማያውቀው ቫይረስ ሲመጣ አንቲቦዲ በበቂ መጠን እስኪሰራ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ታዲያ ማን ይጠብቀናል? ሴሎቹ ራሳቸው። የአፍንጫም ይሁን የሳንባ፣ እያንዳንዱ ሴል የራሱ መከላከያ አለው።

አንድ ሴል ቫይረስ እንደገባበት ሲያውቅ ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን ሰርቶ ወደ ውጭ ይለቃል። ይሄ ገጠር እንደምናውቀው እሪታ ነው። ሌሊት ሌባ የገባበት ቤት እሪ ይላል። ባለቤቱ ራሱ ላይተርፍ ይችላል፤ ጎረቤቱ ግን ሰምቶ በሩን ይቀረቅራል፣ ዱላውን ያነሳል። ነገሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ ነው። አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከዶሮ እንቁላል የወሰዱትን ስስ ሽፋን በሙቀት በሞተ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ይነክሩታል። ከዚያ ሕያው ቫይረስ ቢጨምሩበትም ሽፋኑ አልያዝ አለ። የነበረበትን ፈሳሽ ወስደው ሌላ አዲስ ሽፋን ላይ ሲያደርጉት ያኛውም አልያዝ አለ። ፈሳሹ ውስጥ የነበረው ኢንተርፌሮን ነው።

ሴሉ ቫይረስ መግባቱን በምን ያውቃል? ብዙ ጊዜ በአርኤንኤ፣ ማለትም የዘረመል ትእዛዝ በሚጻፍበት ሞለኪውል ነው። የኛም ሴሎች አርኤንኤ አላቸው፤ ግን የኛው ጫፉ ላይ የኬሚካል ቆብ አለው፣ ብዙውን ጊዜም ነጠላ ሆኖ ነው የሚንቀሳቀሰው። ኮሮና ሲባዛ ሁለት አርኤንኤ እርስ በርስ ተጣምረው ረጅም ጥንድ ይሰራሉ። እንዲህ ያለ ረጅም ጥንድ ጤነኛ ሴል ውስጥ እምብዛም አይታይም። ሪግ አይ እና ኤምዲኤ 5 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ስራቸው ይህንን መፈለግ ነው። ሲያገኙ የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ላይ ለተቀመጠ ማቭስ ለሚባል ፕሮቲን ይናገራሉ፤ ማቭስ ሌሎችን ይቀሰቅሳል፤ ወሬው እየተቀባበለ ጂኖቹ ያሉበት የሴሉ እምብርት፣ ኒውክሊየስ፣ ይደርስና የኢንተርፌሮኑ ጂን ይከፈታል።

እሪታውን የሰማው ጎረቤት ሴል ደግሞ ስታት 1 እና ስታት 2 የሚባሉ ፕሮቲኖቹን ወደ ኒውክሊየሱ ይልካል። እዚያ ገብተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ይከፍታሉ። ሁሉንም መዘርዘር አይቻልም፤ አንዱን ብቻ ላንሳ፣ ኋላ ባቲ ስንደርስ ያስፈልገናልና። ኦኤኤስ ይባላል። ጥንድ አርኤንኤ ሲነካ ትንሽዬ የኬሚካል መልእክት ይሰራል። መልእክቷ አርኤንኤዝ ኤል የሚባል ኢንዛይም ትቀሰቅሳለች። ኢንዛይሙ ያገኘውን አርኤንኤ ይከታትፋል፣ የቫይረሱንም የሴሉንም። ሴሉ ራሱን እየጎዳ ነው ቫይረሱን የሚያስቆመው።

ቫይረሱስ?

ኮሮናዎች ከአርኤንኤ ቫይረሶች ሁሉ ረጅም ዘረመል ካላቸው ውስጥ ናቸው። የኮቪዱ ቫይረስ መጀመሪያ ሲነበብ 29,903 ፊደል ሆኖ ተገኘ። ኢንፍሉዌንዛ 13,500 ገደማ ነው፤ ኤችአይቪ 10 ሺህ እንኳ አይሞላም። ረጅም አርኤንኤ ሲገለበጥ ስህተት ይበዛበታል፤ ኮሮናዎች ግን የተሳሳተውን ፊደል የሚያርም ኢንዛይም አላቸው። ስለዚህ ለመባዛት የግድ የማያስፈልጓቸውን ተጨማሪ ፕሮቲኖች ይዘው መዞር ይችላሉ። ከነዚህ ተጨማሪዎች ብዙዎቹ ስራቸው አንድ ነው፤ እሪታውን ማፈን።

የመጀመሪያው ዘዴ መደበቅ ነው። ቫይረሱ የሴሉን የውስጥ ሽፋን ጎትቶ ድርብ ግድግዳ ያላቸው ትንንሽ ከረጢቶች ይሰራል። የሚያጋልጠው ጥንድ አርኤንኤ እዚያ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች የአይጥ ኮሮና ቫይረስ ሲያጠኑ እነዚህ ከረጢቶች ላይ በፕሮቲን የተሰራ ቀዳዳ አገኙ፤ አዲስ የተሰራው አርኤንኤ የሚወጣው በዚያ ሳይሆን አይቀርም። ሲወጣ ደግሞ የኛን የሚመስል ቆብ አድርጎ ነው። ቆቡን የሚያደርጉለት ኤንኤስፒ 14 እና ኤንኤስፒ 16 የሚባሉ የራሱ ኢንዛይሞች ናቸው። ኤንኤስፒ 15 የሚባለው ሌላው ደግሞ ኤምዲኤ 5 ሊያውቀው የሚችለውን የአርኤንኤ ጭራ ይቆርጥለታል።

ይሄ ሁሉ ግን ጊዜ ለመግዛት ነው። መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ከሺህ አንዱ አርኤንኤ ሾልኮ ቢወጣ ሴሉ ይነቃል። ስለዚህ ቫይረሱ ሌላም ያዘጋጃል፤ እኔን በጣም የገረመኝ እዚህ ላይ ያለው ነው።

ኤንኤስፒ 1ን እንየው። ቫይረሱ እንደገባ መጀመሪያ ከሚያመርታቸው ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ሄዶ የሚለጠፈው ራይቦዞም ላይ ነው። ራይቦዞም ማለት በአርኤንኤ የተጻፈውን ትእዛዝ አንብቦ ፕሮቲን የሚሰራው የሴል ክፍል ነው። ትእዛዙ የሚገባበት ጠባብ መተላለፊያ አለው። ኤንኤስፒ 1 ጅራቱን እዚያ መተላለፊያ ውስጥ ይሰነቅረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሱ ምስሎች ይሄንኑ በግልጽ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ የሴሉ ትእዛዝ አይነበብም። ሴሉ ቫይረሱን አውቆታል፣ የኢንተርፌሮኑን ጂን ከፍቷል፣ ትእዛዙም ተጽፎ ወጥቷል። የሚያነበው ግን ጠፋ። እሪ ሊል አፉን ከፍቶ ድምጽ አልወጣለትም።

ታዲያ ራይቦዞሙ ከተዘጋ ቫይረሱ ራሱ ፕሮቲን በምን ይሰራል? የቫይረሱ አርኤንኤዎች ሁሉ ፊታቸው ላይ አንድ ዓይነት አጭር ክፍል አላቸው። 70 ፊደል ገደማ ትሆናለች። እሷ ያለችበት አርኤንኤ ኤንኤስፒ 1 ቢኖርም ያልፋል፤ የሌለው ይቀራል። በዚያ ላይ ኤንኤስፒ 1 የሴሉን አርኤንኤ እንዲቆራረጥም ያደርጋል። ስለዚህ ሴሉ ውስጥ የቀረው የፕሮቲን ስራ በአብዛኛው ለቫይረሱ ይሆናል።

ሁለተኛው ኦአርኤፍ 6 ነው። ርዝመቱ 61 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) ብቻ። ሁላችንም ስሙን የሰማነው፣ ቫይረሱ ሴል ውስጥ የሚገባበት ስፓይክ ፕሮቲን 1,273 አሚኖ አሲድ ነው፤ ከጎኑ ይሄኛው ኢምንት ነው። ግን የተቀመጠበት ቦታ ወሳኝ ነው። ወደ ኒውክሊየስ የሚገባ ነገር ሁሉ የሚያልፍባቸው በሮች አሉ፤ ኦአርኤፍ 6 የበሩ አካል ከሆኑት ራኢ 1 እና ኑፕ 98 ከሚባሉ ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። ስታት 1 መልእክቱን ይዞ ይመጣል፣ መግባት አይችልም። አያችሁት? ኤንኤስፒ 1 ተናጋሪውን ነው የሚያፍነው። ኦአርኤፍ 6 ደግሞ ሰሚውን ያደነቁረዋል። ከሌላ ቦታ የመጣ ኢንተርፌሮን ቢኖር እንኳ ቫይረሱ ቀድሞ የገባበት ሴል አይሰማውም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ኦአርኤፍ 9ቢ ማይቶኮንድሪያ ላይ ቶም 70 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የማቭስን ቅብብል ያውካል። ኤንኤስፒ 3 ውስጥ ያለው መቁረጫ፣ የሴሉ መከላከያ ፕሮቲኖች ላይ እንደ ማንቂያ የሚለጠፉ ትንንሽ ፕሮቲኖችን ይነቅላል። ሌላም ሌላም አለ። አንዱ ቢከሽፍ ሌላው እንዲይዝ ሆኖ የተደራረበ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ እንግሊዝ ላይ አልፋ የሚባለው ዝርያ ሲወጣ ዓለም ሁሉ ስፓይኩ ላይ ያለውን ለውጥ ነው የቆጠረው። በኋላ ሲጠና አልፋ ኦአርኤፍ 6ንና ኦአርኤፍ 9ቢን ከቀደሙት በበለጠ መጠን እንደሚያመርት ታየ። ማለትም እሪታውን በማፈን በኩልም ተሻሽሎ ነበር የመጣው። ስፓይክ ስፓይክ ስንል ይሄን አላየነውም።

ቴርሞሜትሩ ለምን አልያዘውም?

በዚያን ጊዜ በየባንኩ፣ በየፋብሪካው፣ በየመስሪያ ቤቱ በር ላይ ግንባራችን ላይ የሚደቀነውን ቴርሞሜትር ታስታውሳላችሁ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሰራ ሰው ጠዋት ጠዋት ተለክቶ ይገባ ነበር። ለክቶ ማስገባቱ ክፉ ሀሳብ አልነበረም። ግን ከዚህ ቫይረስ ጸባይ ጋር አይሄድም።

ትኩሳት ከየት ነው የሚመጣው? ብዙዎቻችን ቫይረሱ ራሱ የሚያሞቀን ይመስለናል። የሚያሞቀን እሪታው ነው። ኢንተርፌሮንና መሰሎቹ በደም ዞረው አንጎል ሲደርሱ ሰውነት ይግላል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ምግብ ያስጠላል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። ቀደም ባለው ጊዜ የሄፓታይተስ ሲ ህሙማን ኢንተርፌሮን በመርፌ ይወስዱ ነበር፤ መርፌውን በወሰዱ ቁጥር ልክ ኢንፍሉዌንዛ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣሉ፣ ያተኩሳቸዋል። መርፌው ውስጥ ቫይረስ የለም፤ ያለው እሪታው ብቻ ነው።

እንግዲህ ቫይረሱ እሪታውን ካፈነ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝም ያሉ ናቸው። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ይበላል፣ ይስቃል፣ ስራ ይሄዳል። አፍንጫውና ጉሮሮው ውስጥ ግን ቫይረሱ እየተራባ ነው። በኮቪድ የቫይረሱ መጠን ጣሪያ የሚነካው ህመሙ በሚጀምርበት ሰሞን ነው፤ ብዙ ሰው ሌላውን ያስያዘው ሳያመው በፊት ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ የምትወርዱ ታውቁታላችሁ፤ ሚኒባሱ ከደሴ ሲነሳ ብርድ ነው ተብሎ መስኮት ይዘጋል፣ አንዱ ትንሽ ከፈት ቢያደርግ ከኋላ "ኧረ ዝጋው፣ ንፋሱ ሊገለን ነው" ይባላል፣ እስከ ታች ድረስ ሁሉም አንድ አየር ይተነፍሳል። እዚያ መሀል የተቀመጠው ቫይረሱ ያለበት ሰው በቴርሞሜትር ቢለካ ምንም የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የነበረውን ሳርስ እዚህ ላይ ማነጻጸር ይጠቅማል። የዚያኛው ታማሚዎች ቫይረሱን በብዛት የሚያወጡት ህመሙ ከጀመራቸው በኋላ፣ በአስረኛው ቀን ገደማ ነበር። የታመመውን መለየትና ማቆየት ስለተቻለ በሽታው በዓመት ውስጥ ቆመ፤ ከ8 ሺህ በላይ ሰው ይዞ 774 ገደለ። እርግጥ የሁለቱን ልዩነት በኢንተርፌሮን ብቻ መግለጽ አይቻልም። ሳርስም ኦአርኤፍ 6 ነበረው፤ የኮቪዱ ቫይረስ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ በደንብ መራባቱ ትልቅ ድርሻ አለው። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ አንደኛው በቴርሞሜትር ይያዛል፣ ሌላኛው ያመልጣል።

የዘገየ እሪታ

ዝምታው ለዘላለም አይቆይም። በአንድ በኩል ከቫይረሱ ያመለጡ ሴሎች፣ በሌላ በኩል ደም ውስጥ የሚዞሩ የመከላከያ ሴሎች በመጨረሻ ይነቃሉ። አብዛኛው ሰው ላይ ይሄ በጊዜ ይሆናልና ሰውየው ሁለት ሦስት ቀን ተኝቶ ይነሳል። ጥቂቶች ላይ ግን ይዘገያል። ያኔ ቫይረሱ ሳንባ ደርሷል፣ በብዛትም አለ፣ ሰውነት ያየው ነገር አስደንግጦት ያለውን ሁሉ በአንዴ ይለቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የዚህኛው ጩኸት ራሱ መግደሉ ነው። ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፣ ደም ይረጋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ፈረንሳይ ውስጥ የተጠኑ ጽኑ ህሙማን ደም ውስጥ የኢንተርፌሮኑ ስራ በጣም ዝቅ ብሎ፣ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ኬሚካሎቹ ደግሞ ከፍ ብለው ተገኙ። ተናጋሪው ዝም ብሏል፣ ረባሹ ግን ጮኋል።

ከዚህ በኋላ የመድኃኒቶቹ ታሪክ ግልጽ ይሆናል። ዴክሳሜታዞንን ውሰዱ። ርካሽ ነው፣ በየፋርማሲው የሚታወቅ ነው፣ ስራው ብግነትን ማብረድ ነው። በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ሪከቨሪ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት እንዳሳየው በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ታማሚዎች ሞትን በሲሶ ቀነሰ፤ ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት ደግሞ በአምስት እጅ አንድ እጅ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ምንም አልጠቀመም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የተሰጠ እንደሆነ ገና የሚያስፈልገውን መከላከያ ነው የሚያበርደው። ሰው ጉንፋን ሲጀምረው ከፋርማሲ ዴክሳ ገዝቶ የሚውጠው ነገር ስለዚህ ያናድደኛል።

ኢንተርፌሮኑን ራሱን እንደ መድኃኒት መስጠትስ? ተሞክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ሶሊዳሪቲ በሚባለው ጥናት ሆስፒታል ለተኙ ሰዎች ሰጥቶ ሞትን አልቀነሰም። ብዙዎች እዚህ ላይ ተስፋ ቆረጡ። ቀጥሎ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ብራዚልና ካናዳ ውስጥ የተሰራ ጥናት ወጣ። ሌላ ዓይነት ኢንተርፌሮን፣ ላምዳ የሚባለው፣ ህመሙ በጀመራቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ገና ቤታቸው ላሉ ሰዎች፣ አንድ መርፌ ብቻ። መድኃኒቱን ካገኙት ውስጥ ሆስፒታል የተኙት ወይም ድንገተኛ ክፍል ረጅም ሰዓት የቆዩት 2.7 በመቶ ሲሆኑ፣ ካላገኙት ውስጥ 5.6 በመቶ ነበሩ። በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። የመድኃኒቱን ዓይነት ልዩነት ሳልረሳ፣ እኔ እዚህ የማየው በዋናነት የቀኑን ልዩነት ነው።

ችግሩ የኛ ቀን ላይ ነው። ከወረኢሉ ወይም ከኩታበር ማዶ ያለ ገበሬ ሆስፒታል የሚመጣው መተንፈስ ሲያቅተው ነው። የፋብሪካ ሰራተኛዋም ካልሰራች የቀን ሂሳቧ ይቆረጣልና ሳሉ እስኪጠናባት ትሄዳለች። ፓክስሎቪድን የመሰሉት ጸረ ቫይረስ ክኒኖች በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ መጀመር አለባቸው። ክኒኑ በነጻ ቢመጣልን እንኳ በዚህ አካሄድ ለብዙዎቻችን አይደርስም። "ለምን ቀድመህ አልመጣህም" ብሎ ታማሚ ላይ መጮህ ደግሞ አይገባኝም፤ ቀድሞ ለመምጣት ገንዘብም ፈቃድም ይጠይቃል።

ያ ጆንያ የሚሸከመው ልጅ

ወደ ግቢው ጥያቄ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዣን ሎራን ካዛኖቫ የሚመሩት ዓለም አቀፍ ቡድን በኮቪድ ምክንያት ለሞት የተቃረቡ 987 ሰዎችን ደም መረመረ። 101ዱ ውስጥ፣ አስር በመቶ ገደማ መሆኑ ነው፣ የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ተገኘ። ቀላል ህመም ከነበራቸው 663 ሰዎች ውስጥ ግን አንድም አልተገኘም። ሰዎቹ ይሄ አንቲቦዲ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። አብዛኞቹ ጤነኛ ሆነው ኖረዋል። ሴሎቻቸው እሪ ቢሉ እንኳ ድምጹ መንገድ ላይ ይቀራል። ሌሎች ጥቂቶች ደግሞ እሪታውን የሚያስነሱት ጂኖች ላይ በተፈጥሮ ጉድለት ነበረባቸው።

ከተገኘባቸው ብዙዎቹ ወንዶች ነበሩ። እድሜ ሲጨምር፣ በተለይ ከሰባ በኋላ፣ አንቲቦዲው የሚገኝባቸው ሰዎች ይበዛሉ፤ አረጋውያን ላይ በሽታው ለምን እንደበረታ ከሚገልጹት ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። የግቢያችን እማማ እድሜያቸው ቢገፋም ከዚህ ነጻ ከሆኑ፣ እሪታቸው በሰዓቱ ከወጣ፣ በሦስት ቀን ቢነሱ ምን ይገርማል? ልጁ ደግሞ ጡንቻው እዚህ ውስጥ አይገባም። ህጻናትም እንዲሁ ናቸው። የአፍንጫቸው ሴሎች ሪግ አይንና ኤምዲኤ 5ን ገና ቫይረስ ሳይመጣ ከአዋቂ በበለጠ መጠን ይዘው ስለሚጠብቁ ቶሎ ይነቃሉ።

ክትባቱስ? ክትባት ኢንተርፌሮን ላይ አይሰራም። የሚሰራው ያንን አንድ ሳምንት ማሳጠር ነው፤ አንቲቦዲውና የማስታወሻ ሴሎቹ ቀድመው ስላሉ ቫይረሱ የገዛት ጊዜ ዋጋ ታጣለች።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ

አሁን ግመል ላይ እንምጣ። ከኮምቦልቻ ወደ አፋር የሚወርደውን መንገድ ይዞ የሄደ የባቲን የሰኞ ገበያ ያውቀዋል። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ከቆላና ከደጋ የተገናኘው ሰው። ሜርስ የሚባለው ኮሮና ቫይረስ የሚኖረው ግመል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳውዲ ውስጥ ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ከ2,500 በላይ ሰው ይዞ ከተያዙት ሲሶ በላይ የሚሆኑትን ገድሏል። የኢትዮጵያ ግመሎች ተመርምረው አብዛኞቹ ላይ አንቲቦዲው ተገኝቷል፤ ቫይረሱም ራሱ ተገኝቷል። ግመሎቹን ብዙም አያማቸውም፣ ንፍጥ ቢጤ ነው።

ነገር ግን ሜርስ በሰው ላይ ከተረጋገጠባቸው ሀገራት ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ለምን? ምርመራ ማነሱ አንድ ምክንያት እንደሚሆን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሌላው ምክንያት ከቫይረሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ሜርስ የራሱ ማፈኛዎች አሉት። ኦአርኤፍ 4ኤ ጥንዱን አርኤንኤ ሸፍኖ ኤምዲኤ 5 እንዳያየው ያደርጋል። ኦአርኤፍ 4ቢ ደግሞ ቅድም ያነሳናትን የኦኤኤስ መልእክት ይሰብራታል፤ አርኤንኤዝ ኤል ሳይነቃ ይቀራል። ከአፍሪካ ግመሎች የተወሰዱ የሜርስ ቫይረሶች ከአረቢያዎቹ በዘረመል ይለያሉ፤ በላቦራቶሪ በሰው ሳንባ ላይ ሲሞከሩም ያነሰ ነው የሚራቡት። ከምዕራብ አፍሪካ የተገኙ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ኦአርኤፍ 4ቢ ተቆርጦ ታይቷል። የመባዛቱ ድክመት ሁሉ ከዚች ጂን የመጣ ነው ማለት አይደለም፤ ስፓይኩም ላይ ልዩነት አለ። ግን ሰው ላይ መበርታትና አለመበርታት ከእንዲህ ያሉ ትንንሽ ጂኖች ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ያሳያል።

አብሽሩ፣ ባቲ አትሂዱ እያልኩ አይደለም። ኢትዮጵያና ሶማሊያ ግመል ወደ አረቢያ ይልካሉ፤ ንግዱ በአብዛኛው ወደዚያ ስለሆነ የአረቢያው ዝርያ ወደዚህ የመምጣት እድሉ ጠባብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግመል ከነኩ በኋላ እጅ መታጠብን፣ ወተቱንም አፍልቶ መጠጣትን ነው፤ በተለይ ስኳር፣ የኩላሊት ወይም የሳንባ ህመም ያለበት ሰው ከግመል ጋር ባይነካካ ይመረጣል። አፋር ወዳጆቼ ወተቱን አፍላ ሲባሉ እንደሚስቁ አውቃለሁ። እኔ ይበልጥ የምመኘው ግን የግመሎቹ አፍንጫ ናሙና በየጊዜው ተወስዶ ስፓይኩ ብቻ ሳይሆን እነዚያ ትንንሾቹ ጂኖችም እንዲነበቡ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ባቲም ሩቅ አይደለም።